የራቀ ሠራተኛና የከተማ መሥሪያ ቤት

አበው «ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ብለው የተናገሩት ስለ ወዳጅና ስለ ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም የሚስማማ ቃል ነው። በአንድ ጣራ ሥር የሚውሉ ሰዎች ጧት ተገናኝተው እንደምን አደርህ ይባባላሉ፤ የአንዱ ልጅ የታመመ እንደ ሆነ ሌላው ይሰማል፤ ነገር የጠናበትም ወደ ጎረቤት ክፍል ገብቶ ምክር ይጠይቃል። ከዚያው መሥሪያ ቤት ደመወዝ እየተቀበለ በሩቅ ስፍራ የሚሠራው ሰው ግን ስሙ በደመወዝ መዝገብ፣ ሥራውም በሪፖርት ወረቀት ካልታየ በቀር፣ መኖሩ እንኳ ሳይታሰብ ወራት ያልፋሉ። ሁለቱም የአንድ ሥራ ሰዎች ሳሉ እንደ ባዕድ መተያየታቸው ለሥራውም ለሕዝቡም ጉዳት ነውና፣ ዛሬ የጋሞን አገር ምሳሌ አድርገን ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር አሰብን።

የጋሞ አገር አቀማመጥ ራሱ ነገሩን የሚያስረዳ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በደጋ ላይ ስትገኝ፣ አርባ ምንጭ ግን በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በ1,300 ሜትር ያህል ከፍታ በቆላ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ አጭር መንገድ ሰው ከሙዝና ከማንጎ አገር ተነሥቶ ወደ እንሰትና ወደ ገብስ አገር፣ ከስስ ሸሚዝም ወደ ጋቢ ይሻገራል። ቀድሞ የጋሙ ጎፋ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሹሙና ጸሐፊው መዝገባቸውን ይዘው ሲወርዱ ተራራው ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ለመሥሪያ ቤት ቅርብ የነበረው ደገኛ ከዚያ ወዲህ ሩቅ ተባለ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሩቅነት በመንገድ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ የሹሙ ጠረጴዛ በተቀመጠበት ስፍራም የሚለካ መሆኑን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ በየራሳቸው ዞን ከተለዩ በኋላም አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን መቀመጫ ሆና ቀርታለች። ከእርስዋም ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዲታ፣ ወደ ቦንኬ፣ ወደ ካምባ፣ ወደ ቦረዳ፣ ወደ ቁጫና ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ትእዛዝ ይወጣል፤ ከእነርሱም ሪፖርት ይወርዳል። ትእዛዙን በሥራ የሚፈጽሙት ግን በየቀበሌው ያሉት ሠራተኞች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሠራተኞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሴቶች፣ በጤና ኬላ ተመድበው 5,000 ለሚያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ ተደርጓል፤ በመላው ኢትዮጵያም ቍጥራቸው ከ30,000 ይበልጣል። እንዲሁም ስለ ሰብል፣ ስለ ከብትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚያስተምሩ የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው ይኖራሉ። መምህራኑንም መዘንጋት አይገባም። እነዚህ ሁሉ የመንግሥት እጅና እግር ናቸው፤ ሕዝቡ መንግሥትን የሚያውቀው በእነርሱ ፊት ነውና።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ርቀት የቀበሌ ሠራተኛ ብቻ ዕድል መሆኑ ቀርቷል። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ በተደረገው ጉባኤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ሥራው በአንድ ከተማ እንዳይከማች ተብሎ መቀመጫው ለስድስት ከተሞች ተከፈለ። ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ ዋና መቀመጫ ስትሆን፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራትም የየድርሻቸውን ተቀበሉ። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም እንዲሁ ከአንድ የሚበልጡ መቀመጫዎች አሉት። ይህ አሳብ ከተሞችን በእኩል የሚያሳድግ ስለ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ የቢሮ ኃላፊ ከባልንጀራው ጋር ለመመካከር ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ግድ ሆኖበታል። እንግዲህ ትናንት የቀበሌውን ሠራተኛ ሩቅ ይለው የነበረው ሹም ዛሬ እርሱ ራሱ ለሌላው ሩቅ ሆኗል ማለት ነው።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ይህ ነገር የታወቀ ነው። ጃክ ናይልስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሠራተኛውን ወደ ሥራው በየቀኑ ከማመላለስ ይልቅ ሥራውን በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው ማድረስ ይሻላል ብለው፣ ለዚሁ አሠራር ስም ያወጡለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፣ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በየቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። ስለ አሠሪና ሠራተኛ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 46 በቤት ሆኖ ስለሚሠራ ሰው ውል ደንግጓል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ርቆ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የቀረው የራቀውን ሰው እንደ ቤተሰብ የመያዝ ልማድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ችግር የሽቦና የመሣሪያ ጉድለት ብቻ ያደርጉታል። በእርግጥ መሣሪያ የሚናቅ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የስልክ መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር አገናኘ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ወረዳኔት በተባለው መሣሪያ የወረዳ ሹማምንት ከክልልና ከፌዴራል ሹማምንት ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬም በደጋው የሚኖረው ሠራተኛ በእጁ በያዘው ስልክ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ለመላክ ይችላል። ይህ ሁሉ ሳለ ግን ሠራተኛው ተረሳሁ ማለቱን አልተወም። ምክንያቱም የተከፈተው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ነገር ብቻ ያገለግላል፤ ይኸውም ትእዛዝ ለማውረድና ሪፖርት ለመሰብሰብ ነው። ሦስተኛው ነገር ጐድሏል፤ እርሱም መልስ ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው በወጣትነቱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ያየውን ቢናገር ነገሩን ያስረዳል። ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣ የየሦስት ወር ሪፖርት ነበረ። የጣቢያው ሠራተኛ በመጀመሪያው ሪፖርት የዘር መጋዘኑ ጣራ እንደሚያፈስ አስታወቀ። በሁለተኛው ደገመ፤ በሦስተኛውም ዘሩ መበላሸት እንደ ጀመረ ጨምሮ ጻፈ። ሪፖርቶቹ ቍጥር ተሰጥቷቸው በፋይል ገቡ እንጂ አንድ ሰው እንኳ መልስ አልጻፈለትም። አራተኛው ሪፖርት በመጣ ጊዜ ግን «ሁሉ ነገር ደኅና ነው» የሚል ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱም ደስ አለው፤ ችግሩ ተወገደ ተብሎም ለበላይ ተነገረ። በኋላ ሰው ወደ ጣቢያው ቢላክ፣ ጣራው ወድቆ ዘሩ በዝናብ ርሶ በከረጢቱ ውስጥ ሳለ በቅሎ ተገኘ። ሠራተኛው ተጠርቶ ስለ ምን ሐሰት ጻፍህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ሦስት ጊዜ እውነቱን ጻፍሁ፤ የሚመልስልኝ አጣሁ፤ በአራተኛው የምትወዱትን ጻፍሁላችሁ» ብሎ መለሰ። እርሱ በደመወዙ ተቀጣ፤ ሦስቱን ሪፖርቶች ሳናነብ በፋይል ያስገባነው ግን አንቀጣም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ከኅሊናዬ አልወጣም።

ክቡራን ሹማምንት፣ የሐሰት ሪፖርት መነሻው ሁልጊዜ ክፋት እንዳልሆነ ከዚህ ልትረዱት ትችላላችሁ። መልስ ያጣ እውነት ይደክመዋል። ሰው ተናግሮ ካልተሰማ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ካልታወቀለት ሌላው የሚወደውን መናገር ይለምዳል። ከዚያ በኋላ በከተማ ያለው ሹም በእጁ የያዘው ወረቀት ያማረ፣ በተራራው ላይ ያለው ነገር ግን የከፋ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚጐዳው ክትባት የሚጠብቀው ሕፃንና ዘር የሚጠብቀው ገበሬ ነው።

እነዚህ የራቁ ሠራተኞች ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ ከጋሞ ጋር ለብዙ ዘመን በአንድ ዞን በኖረችው በጎፋ የደረሰው መከራ አሳይቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንዶ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፣ ጎረቤቶች በእጃቸውና በዶማ አፈሩን እየቆፈሩ ነፍስ ለማዳን ሲጣደፉ ሌላ ናዳ ወረደባቸው፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከሞቱት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደ ነበሩበት የዞኑ አስተዳደር አስታውቋል። ከከተማ ርዳታ እስኪደርስ ድረስ በስፍራው የተገኘው መንግሥት እነርሱ ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ስማቸውን ከሞቱ በኋላ ብቻ መማር ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚያሳፍር ነው።

እንግዲህ የራቀና የቀረበ እንዴት አንድ ሆኖ ይኖራል ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን ከዚያው ከጋሞ ሕዝብ ልናገኘው እንችላለን። የዶርዜና የሌላው የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ተቀምጠው ሸማ ሲሠሩ ይኖራሉ። ከአገራቸው እስከ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለ ሆነም ከማንም ይልቅ ርቀው የሚሠሩ እነርሱ ናቸው። ዳሩ ግን በጋሞ ቋንቋ ማስቃላ የሚባለው የመስቀል በዓል ሲደርስ ለቤተሰቡ የሚሆነውን ይዞ ወደ ተራራው የማይመለስ ቢኖር ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረገው በዚህ መገናኘት ሽማግሌው የልጁን ልጅ ያያል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ፤ በከተማ ያለውም ከአገሩ ጉዳይ ይሳተፋል። መመለሻው የታወቀ ቀን ስላለው የሄደው ሰው እንደ ጠፋ አይቈጠርም።

ሁለተኛውም ምሳሌ ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ ስፍራ ነው። በዚያ ሰዎች በምርቃት ጀምረው፣ በየተራ እየተነሡ ተነጋግረው፣ አሳባቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ተመካክረው፣ በምርቃት ይለያያሉ። የዚህ ልማድ ኀይል በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል። በቡራዩና በአካባቢዋ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ ለበቀል ቢነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ የተሰሙት ጠመንጃ ወይም ማኅተም ይዘው ሳይሆን፣ አስቀድሞ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ በጥንቱ ሸንጎ ሴቶችና ሸክላ ሠሪዎች ቆዳ ፋቂዎችም እኩል ድምፅ እንዳልነበራቸው መደበቅ አይገባም። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚያገለግሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና፣ ከዱቡሻ መልካሙን ወስደን ጉድለቱን መተው አለብን።

ለካህናት አንባቢዎቻችን ደግሞ ከመጽሐፍ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የላከው የመጀመሪያው መልእክት በከፊሉ እነርሱ ጽፈው ለጠየቁት ነገር የተሰጠ መልስ ነው። መልስ በመጻፍ ብቻም አላበቃም፤ ጢሞቴዎስን ላከላቸው፤ እርሱ ራሱም እንደሚመጣ አስታወቃቸው። ርቆ ያለን ማኅበር አንድ አድርጎ ለመጠበቅ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ነገሮች እነሆ በዚህ ተገኝተዋል፤ መልስ መጻፍ፣ የታመነ ሰው መላክ፣ ራስም መሄድ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ተነሥተን ለመሥሪያ ቤቶች ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ደብዳቤና ሪፖርት ሁሉ የመልስ ቀን ይወሰንለት። የተጠየቀውን ለመስጠት ባይቻል እንኳ «ደርሶናል፤ በዚህ ምክንያት ዘንድሮ አይቻልም» ብሎ መጻፍ ሰውን ያከብራል። በየመሥሪያ ቤቱ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ፤ ገቢው ሲበዛ ወጪው ግን ትእዛዝ ብቻ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ኃላፊው በሽታውን ከዚያው ሊያውቀው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በአርባ ምንጭ ያለ የመምሪያ ባለሙያ ወደ ደጋው የሚወጣው ጉድለት ለመልቀም ብቻ አይሁን። ጧት ደርሶ ፎርም ሞልቶ ቀትር ላይ የሚመለስ ሰው መንገዱን እንጂ ሰዉን አያውቅም። በጣቢያው አድሮ፣ ከሠራተኛው ጋር ቤት ለቤት ዞሮ፣ የእርሱን ብርድና ጭቃ ቀምሶ ይመለስ። እንዲሁም የቀበሌው ሠራተኛ በተራው ጥቂት ሳምንት በከተማው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ይሥራ። ያን ጊዜ ከተሜው ሪፖርት ለምን እንደሚዘገይ፣ ደገኛውም ገንዘብ ለምን እንደማይለቀቅ ያውቃሉ፤ መታማማቱም ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ በሚደረግ ስብሰባ የራቀው ሰው አስቀድሞ ይናገር። በአዳራሽ ያሉት ከተነጋገሩና ከወሰኑ በኋላ «እናንተስ የምትሉት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ምን ሊል ይችላል? መስመሩም በተቋረጠ ጊዜ ነገሩ ያለ እርሱ ከመወሰን ይልቅ ደውሎ አሳቡን መቀበል ይገባል።

አራተኛ፣ ዕድገትና የትምህርት ዕድል በሹሙ ፊት ለሚታየው ብቻ አይሁን። የማስታወቂያ ወረቀት በከተማው መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ በቦንኬ ወይም በካምባ ያለው ሰው ከሰማ ጊዜው አልፏል። እንዲህ ያለው ነገር የሕግ እኩልነትን በሥራ ያፈርሳል።

አምስተኛ፣ እንደ ማስቃላ የታወቀ ቀን ይኑር። በዓመት አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ሩቁም ቅርቡም፣ አንድ ዓመት በቆላ አንድ ዓመት በደጋ ተሰብስበው፣ አብረው በልተው፣ ያለ ሪፖርት ይነጋገሩ፤ በዓመቱ በሩቅ ጣቢያ መልካም የሠራውም በባልንጀሮቹ ፊት ይመስገን።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። የነዳጅና የውሎ አበል ችግር እውነት ነው። ነገር ግን መልስ ለመጻፍ ነዳጅ አያስፈልግም፤ የራቀውን ሰው አስቀድሞ ለማናገርም አበል አይጠየቅበትም። ሌላውም ደግሞ ከዓይን የራቀ ሠራተኛ ይሰንፋል ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እንደሚኖር አንክድም፤ ዳሩ ግን ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ ከመሥሪያ ቤት የሚጠፋ ሠራተኛ በከተማም የታወቀ ነው። ሰነፍን ከትጉህ የሚለየው የሚቀመጥበት ስፍራ ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥራውንም ለማወቅ መቅረብ ያስፈልጋል። በየሰዓቱ እየደወሉ የት ነህ ማለት መቅረብ አይደለም፤ ምን ቸገረህ ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው እንጂ።

የዶርዜ ሸማኔ ሲሠራ ላየው ሰው ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። ድሩ ተወጥሮ በስፍራው ይቆማል፤ ማጉ ግን በመወርወሪያው ውስጥ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ድር ብቻውን ክር ነው፤ ማግም ብቻውን ክር ነው፤ ሸማ የሚሆኑት ማጉ ሄዶ በተመለሰ ቍጥር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ስለ መተባበር ነው። በከተማ የተቀመጠው መሥሪያ ቤት እንደ ድሩ፣ በሩቅ የሚሠራው ሰው እንደ ማጉ ነው፤ ሄዶ እንዲቀር ሳይሆን ሄዶ እንዲመለስ የተላከ ነውና። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሹማምንትና የመምሪያ ኃላፊዎች፣ ነገ ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ አዲስ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት ከገቢ መዝገብ ውስጥ መልስ ያላገኘ አንድ ደብዳቤ ፈልጋችሁ መልሱለት። ጣራው የሚያፈስስበት ሰው ምናልባት ሦስተኛውን ሪፖርት ገና ዛሬ ልኮ ይሆናል።